ሰላም ሳይል የማይከፈት ማጫወቻ

ጫኖ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጌታ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለጌዲዮን፤

ሰላምህ ይብዛልኝ። ክፉ ሰው ደጅህን አይርገጥ፣ የደርባን ብርድ አይንካህ፣ የሱቅህ መብራት አይጥፋ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሙዙ ደህና ነው፣ የውኃ ተራችንም ሳይዛነፍ ይደርሰናል።

በስልክ እያወራን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ሳሎን የተነገረው መኝታ ቤት ይሰማል። ጋሼህ ኦይታ ደግሞ ዓይኑ ከሄደ ወዲህ ጎረቤት ድስት ሲከደን ሳይቀር የሚሰማ ሆኗል። ስለ እሱ ላወራህ ስፈልግ የቀረኝ መንገድ ወረቀት ብቻ ነው። እጽፋለሁ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። አንተም ጽፈህ መልስልኝ። በድምፅ እንዳትልክ፣ አደራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሞቹ የዓይኑ ነርቭ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አይመለስም ብለው ቁርጡን ከነገሩን ዓመት አለፈው። እሱን ተቀብሏል። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ግን ርዕሰ መምህሩ ታዴዎስ፣ ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፣ «መምህር ትንሽ ይረፉ» ብሎ ከክፍል አውጥቶ መጻሕፍት ቤት አስቀመጠው። ማንበብ የማይችለውን ሰው መጻሕፍት ቤት! ጠዋት ይሄዳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ይመለሳል። ዓይኑ ሲጠፋ ያላለቀሰ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ አለቀሰ። ለማንም እንዳትናገር።

ባለፈው ሰኞ ራሱ ታዴዎስ ቢሮ ገብቶ «ክፍሌን መልሱልኝ» ብሏል። ታዴዎስም ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ማንም አጠገባቸው ሳይቆም አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ፣ ከሆነላቸው ሰባተኛ «ለ» የእርሳቸው ነው፣ ካልሆነ ተተኪው አስተማሪ በዚያው ይጸናል አለ። ኦይታ «እሺ» ብሎ ወጣ።

ባልደረባው መምህርት ምኞት የአማርኛውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብባ ቀድታለታለች። ያነበበችውን የሚሰማው አንተ ስትሄድ ትተህለት በሄድካት በዚያች ትንሽ ኤምፒስሪ ማጫወቻ ነው። ቁልፎቿን አውራ ጣቱ ያውቃቸዋል። ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። የየምዕራፉ ስም የሚወጣው በጽሑፍ መስኮቷ ላይ ነዋ! ምዕራፍ ሦስትን ሲፈልግ ምዕራፍ ዘጠኝ ይገባል፣ ወይም መዝሙር ይጀምርበታል። ያኔ «ብርቅዬ! የት ነው ያለሁት?» ብሎ ይጣራል። ከሙዙ ውስጥ ጭቃዬን ይዤ እሮጣለሁ። ሳልሰማው ከቀረሁ እቃዋን መዳፉ ላይ አስቀምጦ እስክመጣ ይጠብቀኛል።

የሚናገር ስልክ አለ ብለው አስሞከሩት። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ መስታወቱም ልሙጥ ነው። ሲዳስስ ጸሎት ላይ ላለው ፓስተር ደወለበትና ወረወረው።

አንተ የሞተ ስልክ የምታስነሳ ልጅ ነህ። ይቺን ኤምፒስሪ በአማርኛ አናግርልኝ። የት እንዳለ እሷ ትንገረው።

አገርህ የምትገባበትን መንገድ ጌታ ያቅናልህ።

አክስትህ ብርቅዬ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለአክስቴ ለብርቅዬ፤

ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለጋሼ ኦይታ፣ ሰላም ለሙዙም። ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ አስቁሜ አነበብኩት። ሰውዬው ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እኮ ጋሼ ናቸው። ዘመድ ነህ ብለው ከሌላው ልጅ ሁለት እጥፍ ነበር የሚጠይቁኝ።

መፍትሔ አለው። ፋብሪካው የጫነባት ሶፍትዌር ዲዳ ነው፤ የሚያውቀው መስኮት ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ግን በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የጻፉት፣ በነፃ የሚገኝ ሌላ ሶፍትዌር አለ። የፋብሪካውን ትተሽ እሱን ትጭኛለሽ። እሱ ቁልፍ በተነካ ቁጥር የት እንዳለሽ በድምፅ ይናገራል። የንባቡንም ፍጥነት ድምፁን ሳያቀጥን ይጨምራል። መምህርት ምኞት ንባብ ላይ እንደምትጎትት አልረሳሁም!

ድምፁ ደግሞ የግድ የፈረንጅ መሆን የለበትም። አማርኛ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ስለዚህ እኛው እንሠራዋለን። ከታች የጻፍኩልሽን ቃላት አንድ በአንድ በስልክሽ ቅጂና ላኪልኝ፤ ክፈት፣ ተመለስ፣ አጫውት፣ አቁም፣ ቀጣይ፣ ድምፅ ጨምር፣ ድምፅ ቀንስ፣ ባትሪው እያለቀ ነው፣ ቁጥሮቹ፣ የምዕራፎቹም ስም። ቃሉን ብቻ በይው፣ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። አንቺ ቅጂው ያልኩት ጋሼ ከሰው ሁሉ ድምፅ ያንቺን ስለሚለዩ ነው።

ማጫወቻዋን ግን እዚህ ብትልኩልኝ ይሻላል፤ ይኼ በስልክ እየነገሩ የሚያሠሩት ሥራ አይደለም። የገረሴው ሲላስ እረፍቱን ጨርሶ በኅዳር ወደዚህ ይመለሳል። ለእሱ ስጪው።

እጅሽን እስማለሁ።

ልጅሽ ጌዲዮን

*

ጫኖ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

የአባቶችህ አምላክ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። ማጫወቻዋን ለሲላስ ሰጥቻለሁ። በካልሲ ጠቅልዬ፣ ካልሲውን በላስቲክ አስሬ ነው የሰጠሁት።

ኦይታን ማሳመኑ ቀላል አልነበረም። ነገሩን ስነግረው፣ «ዓይኔ ሄደ። አሁን ደግሞ ጆሮዬን ደቡብ አፍሪካ ልትልኪው ነው?» አለኝ። እኔም ተቆጣሁ። ያቺ ዕቃ እንዲህ እንዳለች ክፍል ይዘሃት ብትገባ ልጆቹ ፊት ብርቅዬን ልትጣራ ነው ወይ አልኩት። ከዚያ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ግን አስቀረ። ምን እንደሚሠራለት አላውቅም፤ ባዶውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል።

ቃላቱን ሁሉ ቀድቼ ልኬልሃለሁ። ኦይታ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ሰዓት ማንጎው ሥር ተቀምጬ ነው የቀዳሁት። አይሱዙው ሙዝ ሊጭን ሲመጣ ጥሩምባውን ነፋብኝ፣ የጎረቤታችን የዘርፈሽ አውራ ዶሮም ጮኸብኝ። ያም ሆኖ አንድም አልዘለልኩም።

ምኞት በየማታው እየመጣች ታነብለታለች። ከደከማት ነገ እንቀጥል ስትለው «አንድ ገጽ ብቻ» ይላታል፣ ከዚያ ሌላ አንድ ገጽ። ባሏ ራቱን ብቻውን መብላት ለምዷል።

ስትጨርስ ፈጥነህ ላካት። ጌታ በእጅህ ሥራ ላይ ይሁን።

አክስትህ ብርቅዬ

*

ደርባን፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለብርቅዬ፤

ሰላምሽ እንደ ጫሞ ሐይቅ ውኃ ይስፋ። ሲላስ ካልሲውን አስረከበኝ። ላስቲኩን ለመፍታት መቀስ ፈልጌአለሁ።

አክስቴ፣ ስለ ድምፅሽ ላወራሽ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። «ቃሉን ብቻ» ብዬሽ አልነበር? የቀዳሽውን ከፈትኩት። ለምሳሌ «ተመለስ» የሚለውን ልንገርሽ። እንዲህ ይላል፤ «እንደምን አደራችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ፣ ጌታ ሥራችሁን ይባርክ፤ ተመለስ።» እሺ፣ የመጀመሪያው ስለሆነ ነው አልኩ። «ክፈት»ን ከፈትኩት፤ እንደምን አደራችሁ! «ቀጣይ»ን ከፈትኩት፤ እንደምን አደራችሁ! ቁጥር አንድ ሰላም ብሎናል፣ ቁጥር ሁለትም ሰላም ብሎናል፣ ዘጠና ዘጠኝም ሳይደክመው ሥራችንን ባርኮልናል። ሲላስ ከሳቁ ብዛት ወንበሩን ገልብጦ ወደቀ።

ኮምፒዩተሬ ላይ እንደ ማጫወቻዋ አድርጌ ሞከርኩት። ጋሼ ምዕራፍ ስድስትን ልክፈት ቢሉ ከመድረሳቸው በፊት ደወል ይደወላል። ልጆቹ ወጥተው ቤታቸው ይገባሉ። እባክሽ እንደገና ቅጂልኝ፤ ቃሉን ብቻ።

«ባትሪው እያለቀ ነው» የሚለውን ግን ተይው። «ባትሪው እየደከመው ነው፣ አይዞህ» ብለሽ ነው የቀዳሽው። እሱን አልነካውም።

ሶፍትዌሩን ከነገ ወዲያ እጭናለሁ። የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው።

አክባሪሽ ጌዲዮን

*

ጫኖ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም አብሮህ ለሚሠራው ሁሉ፣ ሰላም ለሚስቀውም ለሲላስ። አየህ፣ አሁንም ሰላም ብያችኋለሁ፤ ምንም አልጎደለብኝም።

እንደገና አልቀዳም። አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ ድምፄን ልትሰማ ነው፣ አብሮህ ማን እንደሚሰማም አላውቅም፣ እኔ ሰላም ሳልል «ተመለስ! አቁም!» ልላችሁ? እንደ ፖሊስ? ደግሞ የምናዘው ማንን እንደሆነ አትርሳ። ኦይታን ነው፤ ባሌን። እኔ እሱን በሥርዓት ነው የማናግረው፤ ማሽን ስለሆንኩ ሥርዓቴን አልጥልም። አያቶችህ ገረሴ ላይ በዱቡሻው አደባባይ ለሸንጎ ሲቀመጡ ሽማግሌው ሳይመርቅ፣ ሕዝቡም አንድ ላይ ሳይመልስለት ነገር ይከፈታል? ትልቅ ጉዳይ እንኳ በምርቃት ነው የሚጀመረው።

በመቀስ ቁረጠው ካልክ ቁረጠው፤ ኮምፒዩተር ይቆርጣል ብለውኛል። ግን አንዱን ተውልኝ። ማጫወቻዋ ገና ስትከፈት፣ ከሁሉ በፊት፣ ያ ሰላምታዬ ሙሉውን ይሰማ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተዘዙ።

አሁን የማልወደውን ልንገርህ። ኦይታ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሊገባ ነው መባሉ ተሰምቶ፣ የሰባተኛ «ለ» ወላጆች ልጆቻችንን ወደ «ሀ» ቀይሩልን እያሉ ታዴዎስ ዘንድ ተመላልሰዋል። ማየት የማይችል ሰው ምን ያስተምራል ነው ነገሩ። ከእነሱ አንዷ በየሳምንቱ ሙዝ የምትረከበኝ ሴት ናት። ለኦይታ አልነገርኩትም። እሱ ግን ሰምቷል። ትናንት ምሽት በድንገት «ብርቅዬ፣ ስንት ልጅ የሚቀርልኝ ይመስልሻል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። «ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለወንበር እንዳላስተምር ነው የምፈራው» አለ። እሱ ፈራሁ ሲል ከተጋባን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፣ ጌዲ።

ቶሎ በልልኝ። ጌታ ካንተ ጋር ይሁን።

ብርቅዬ

ደግሞ ይኼን እየጻፍኩ ሳለሁ ከመኝታ ቤት ምን አለኝ መሰለህ? «ለጌዲ ሰላም በይልኝ። እስክሪብቶሽ ሲጫጫር እሰማለሁ።» ለካ ሁሌም ያውቅ ኖሯል!

*

ጫኖ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ገና አለፈ፣ ያንተ ደብዳቤ አልመጣም። ቴሌግራምህ እንደበራ አያለሁ። ደወልኩ፣ አላነሳህም። ሲላስን ጠየቅኩት፣ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለኝ። ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል።

ምን ሆነህ ነው? ታመህ ከሆነ ንገረኝ። ማጫወቻዋ ጠፍታ ከሆነም ንገረኝ፤ አልጮህብህም። ዝምታህ ነው ያቃጠለኝ።

ኦይታ መጠየቁን ትቷል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ይዞ «መጣችም አልመጣችም እገባለሁ» አለኝ። አሁን ምኞት ታነባለች፣ እሱ ቃል በቃል በልቡ ይይዛል። ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት በሙሉ ሊይዘው ነው። ውኃ ስቀዳም፣ እንጨት ስፈልጥም ምንባብ ሲወጣ ሲገባ እሰማለሁ፤ እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል ልፈተን እችላለሁ። ግን ሰው ነው፤ ልጅ ድንገት «መምህር፣ ያለፈው ምዕራፍ ላይ ያለው» ቢለው የሚገላልጠው ነገር ያስፈልገዋል። ይኼን እሱም ያውቃል። አይናገረውም እንጂ ያውቃል።

ትምህርት የሚከፈተው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው።

አክስትህ

*

ደርባን፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

ሰላም ለማለት እንኳ አፍሬ ነው የምጀምረው። ሰላም ይሁንልሽ።

አልታመምኩም። ማጫወቻዋ ሞታብኝ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «የሱቅህ መብራት አይጥፋ» ብለሽ መርቀሽኝ ነበር፤ ጠፋ። ሶፍትዌሩን እየጫንኩ፣ የድሮው ወጥቶ አዲሱ ግማሽ ላይ ሳለ ኮምፒዩተሩ ጠፋ። መብራት ሲመለስ ማጫወቻዋ አልተመለሰችም። ቁልፏን ብጫን የለችም፣ ቻርጅ ባደርጋት የለችም፣ ኮምፒዩተሩም አላውቃትም አለኝ። የጋሼን ጆሮ ገደልኩት ብዬ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ሌላ ገዝቼ ዝም ብዬ ልላክ አልኩ፤ ግን የቁልፎቹ አቀማመጥ የተለየ ነው። አውራ ጣታቸው በአንድ ጊዜ ያውቅብኝ ነበር።

ሶፍትዌሩን የጻፉት ሰዎች የሚመካከሩበት ድረ ገጽ አለ። እዚያ ጻፍኩላቸው። ማን እንደሆንኩ፣ ጋሼ ማን እንደሆኑ፣ ክፍሉ መቼ እንደሚከፈት ሁሉንም ጻፍኩ። የማላውቃቸው ሰዎች መለሱልኝ። አንዱ ይኼን ሞክር ይለኛል፣ ሌላው የለም ያን ሞክር ይለኛል። አንድ ጡረታ የወጣ ሰው፣ እሱም ማየት የተሳነው ነው፣ ቀፎዋን ክፈትና ውስጧ ካሉት ነጥቦች ሁለቱን በቀጭን ሽቦ አገናኝተህ፣ እንደያዝካቸው ገመዱን ሰካ አለኝ። የትኞቹ ነጥቦች እንደሆኑ በቃል ነው ያስረዳኝ፤ እሱ በጣቱ ነው የሚያውቃቸው። ብዙ ጊዜ ሳትኩ። ሲላስ መብራት ያዘልኝ። አንዴ ያዝኩትና ኮምፒዩተሩ ድምፅ ሰጠ። ደንበኛ ፊት ጮህኩ፤ ሰውዬው ሱቄን ጥሎ ሮጠ።

አሁን በሕይወት አለች። የፋብሪካው ሶፍትዌር ወጥቷል፣ አዲሱ ገብቷል፣ ድምፅሽም ገብቷል። ሰላምታውን ከየቃሉ ላይ ቆርጫለሁ። ስትከፈት ግን እንዳልሽው አስቀምጫለሁ፤ «እንደምን አደራችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ፣ ጌታ ሥራችሁን ይባርክ።» የዘርፈሽ አውራ ዶሮ መጨረሻው ላይ አለ፣ ልቆርጠው አልቻልኩም።

ለእህቱ ሠርግ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ልጅ አግኝቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ይነሳል። በዚያው ካልሲ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። ለጋሼ እንዲህ በይልኝ፤ ድንገት ደርቃ አልናገር ካለች የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙት፣ ጠፍታ እንደገና ትነሳለች። ከሁሉ በፊት ሰላም ትላለች። ሰላም ካለች ደህና ናት ማለት ነው።

ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ።

ልጅሽ ጌዲዮን

*

ጫኖ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጀግናው ልጄ ለጌዲዮን፤

በገባህበት ሁሉ ደስታ ይቀበልህ፣ የያዝከው ሁሉ ይነሳልህ። ይኼን ደብዳቤ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው። ኦይታ አጠገቤ ተቀምጧል። ከእንግዲህ በድብቅ መጻፍ ቀርቷል።

ማጫወቻዋ በሰላም ደረሰች። ካልሲውን ሳልፈታው ከእጄ ወሰዳት። አንገቱ ላይ የሰነበተውን የጆሮ ማዳመጫ ሰካና አበራት። ሰላምታዬን ሰማ። ከዚያ «ክፈት»ን፣ ከዚያ «ምዕራፍ አንድ»ን። እኔ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብዬ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ ዘጠኝ ገባ፣ ሦስት ገባ። «ብርቅዬ» አለ። ሊጠይቀኝ ነው አልኩ። «የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ? ምዕራፍ ሦስት ላይ ነኝ!» አለኝ። (አሁን «እንዲህ አልጮህኩም» ይላል። ጮኋል።)

ሰኞ ዕለት ነበር ፈተናው። አልመጣም ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ልጆቹ ድምፅዋን በደንብ እንዲሰሙ የምኞት ባል ካሱ ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ትንሽ ስፒከር ተውሶለት፣ በኮቱ ኪስ ይዞ ሄደ። እኔም ለምኞት ሙዝ ላደርስ ነው ብዬ ዘንቢሌን አንስቼ ተከተልኩት። ከሰባተኛ «ለ» ጀርባ መስኮት አለ።

ልጆቹ ነበሩ፣ ጌዲ። ተቀይረው የሄዱ አሉ፤ የዚያች ሙዝ ተረካቢዬ ልጅ ግን ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ከጥቂት ወንበር በቀር ሁሉም ሞልቷል። ነገር ግን ታዴዎስ ቀድሞ ገብቶ «መምህራችሁን እንዳትረብሹ። ማንም እንዳይነሳ፣ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ» ብሏቸዋል። ለደግ ብሎ ነው። እሱና ሁለት አስተማሪዎች ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ኦይታ በዱላው እየዳሰሰ ገባ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። አንድ ወንበር አልተንቋቋም፣ አንድ ሰው አልሳለም። ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ቆመ። እንደ ልማዱ ልጆቹ ተነስተው ሰላም እስኪሉት ጠበቀ። ምንም የለም። ፊቱን በመስኮቱ አየሁት። ቀለሙ ሁሉ ሄደ። ባዶ ነው ብሎ አሰበ። ታዴዎስ አዝኖለት ባዶ ክፍል ውስጥ ያስገባው መሰለው። ልጮህ ነበር፤ «ኦይታ፣ ሞልተዋል! ፊትህ ናቸው!» ልል ነበር። ቃል ገብቻለሁ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ዞሮ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልወጣም። መጣችም አልመጣችም እገባለሁ ያለ ሰው ነው። ወንበርም ቢሆን አስተምራለሁ ያለ ይመስል አገጩን ቀና አደረገ፣ ማጫወቻዋን አወጣ፣ ስፒከሩን ሰካ፣ ቁልፉን ተጫነ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ፣ ጌታ ሥራችሁን ይባርክ!»

እኔ ነኝ። ማንጎው ሥር የተቀመጥኩት እኔ፣ ከነአውራ ዶሮው፣ ክፍሉን ሞላሁት። ልጆቹ ደግሞ የጫኖ ልጆች ናቸው፤ ሰላም ተብለው ዝም ማለት ከየት ይማራሉ? ታዴዎስ ያላቸው ሁሉ ከጭንቅላታቸው ጠፋ። ወንበሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንጓጓ፣ ሁሉም ብድግ አሉ፣ በአንድ አፍ «እግዚአብሔር ይመስገን! እንደምን አደሩ መምህር!» አሉ። ጣራው ቆርቆሮ አይደል? ተንቀጠቀጠ።

ኦይታ ጠረጴዛውን ያዘ። ከዳር እስከ ዳር ፊቱን አዞረ፤ ድምፁ ከየት እስከ የት እንደደረሰ እየለካ ነበር። በዚያ በድሮ ድምፁ፣ አንተ በምታውቀው፣ «ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። ቁልፉን ሲጫን እኔ «ምዕራፍ ስድስት» አልኩ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አልነግርህም፤ አስተማረ ነው የምልህ። አንዷ ልጅ ያለፈውን ምዕራፍ ስትጠይቀው እዚያው ከፍቶ አሰማት። ሲጨርስ ታዴዎስ ከኋላ መጥቶ እጁን ያዘና «ከነገ ጀምሮ ክፍሉ የእርስዎ ነው» አለው። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ የምኞትን ሙዝ ፍየል በላው።

ኦይታ አሁን «ባዶ ነው ብዬ አላሰብኩም ብለሽ ጻፊ» እያለኝ ነው። ጽፌልሃለሁ። እጁ ግን ጉልበቴ ላይ ነው፣ ያሰበውንም እኔም እሱም እናውቃለን። ደግሞ «ለጌዲ በይው፣ ሰላምታዋን እንዳይነካ» ብሏል። ለዚያ ጡረተኛ ሰውም በእኛ ስም ጻፍለት። በጣቱ የሚያውቀው ነገር እዚህ ጫኖ ድረስ ደርሷል በለው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። ዛሬ ጠዋት የውኃ ተራዬ ነበር። ቦዩን ከፍቼ ሙዙ ውስጥ ስሠራ ጆሮዬ ቤት ነው ያለው። አሁን ይጣራል፣ አሁን «የት ነው ያለሁት?» ይላል እያልኩ ጠበቅኩ። አልጠራኝም። ውኃው አለቀ፣ ቦዩን ዘጋሁ፣ እግሬን ሳልታጠብ ሮጬ ቤት ገባሁ። ዱላው የለም። ማጫወቻዋም የለችም። ሳይጠራኝ ትምህርት ቤት ሄዶ ኖሯል።

እንደምን አደርክ ጌዲ? ሰላም ነህ ወይ? ጌታ ሥራህን ይባርክ። መልስህን እንጠብቃለን።

አክስትህ ብርቅዬ